ተሰርቆ የተገኘው መኪናችንና የመድን ነገር

ንብረቱ የተሰረቀበት ሰው ሁለት ጊዜ ይመረመራል፤ አስቀድሞ በፖሊስ፣ ቀጥሎም በመድን ሰጪው። የመጀመሪያው ምርመራ ሌባውን ለመፈለግ ነው። ሁለተኛው ግን ካሣ የሚገባ መሆን አለመሆኑን ለመለየት ስለ ሆነ፣ ጥያቄው ከደጅ አልፎ ወደ ጓዳ ይገባል። ቁልፉ በማን እጅ ነበር? መኪናውን ማን ያጥባል? ከቤተ ሰቡ መንዳት የሚያውቅ ማን ነው? መኪናው ተገኝቶ መመለሱም ይህን አያስቀረውም፤ እንዲያውም በእኛ ቤት ነገሩን አከበደው።

ወደዚያ ከመድረሳችን በፊት ስለ ሕጉ ጥቂት እንበል። በሀገራችን ባለ መኪና ሁሉ በግዴታ የሚገባው የሦስተኛ ወገን መድን ነው። ይኸውም በ2005 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 799 የተደነገገ ሲሆን፣ መኪናው በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት እንጂ ለባለ መኪናው ኪሣራ አይደለም። ስርቆትን የሚሸፍነው ሰው ወዶ የሚገባው ሙሉ መድን ነው። እርሱም ቢሆን፣ የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ እንደሚያዝዘው፣ የጐደለውን ለመተካት እንጂ ለማትረፊያ አይሆንም፤ ካሣው ጉዳቱ በደረሰበት ቀን ንብረቱ ከነበረው ዋጋ ሊያልፍ አይችልም። ንብረቱ ከዋጋው ባነሰ ገንዘብ ተመዝግቦ እንደ ሆነ ደግሞ ካሣው በዚያው ልክ ያንሣል። አንድ ሚሊዮን ብር የሚያወጣ መኪና በ600 ሺህ ብር መድን ተገብቶለት የ200 ሺህ ብር ጉዳት ቢደርስበት፣ የሚታሰበው 120 ሺህ ብር ብቻ ነው፤ ከዚያም ላይ ባለ ንብረቱ በውሉ የሚሸከመው ድርሻ ይቀነሳል። የመኪና ዋጋ እንዲህ በሚንርበት ዘመን፣ በአምስት ዓመት በፊት ዋጋ ውሉን እያደሱ መኖር ምን እንደሚያመጣ አንባቢ ያስተውለው። ባለቤታችን በሂሳብ ነገር ከእኛ ትበልጣለችና፣ በእድሳቱ ጊዜ ሁሉ የወቅቱን ዋጋ ጠይቃ ታስመዘግብ ነበር።

በ2015 ዓ.ም. በጥር ወር፣ በእቁብና በብድር የገዛናት አሮጌ ቶዮታ ኮሮላ ከደጃፋችን ሌሊት ተወሰደች። በማግሥቱ ለፖሊስም ለመድን ኩባንያውም በጽሑፍ አመለከትን። በዘጠነኛው ቀን በሰበታ መንገድ ዳር ቆማ ተገኘች። ባትሪዋ ወጥቷል፤ አራቱ ጎማዎች ከነቸርኬያቸው ተፈትተዋል፤ የፊት ፓራውልቷ ተሰብሯል፤ ወንበሯም በጭቃና በዘይት ተበክሏል። ፖሊስ በኤግዚቢትነት ከያዛት በኋላ በደብዳቤ አስረከበን። ወዳጆቻችን ቶሎ አሳጥባችሁ ወደ ጋራዥ አስገቧት ይሉን ጀመር። ባለቤታችን ግን፣ «ገማቹ ሳያያት ማንም እንዳይነካት» ብላ ሸራ አለበሰቻት።

ገማቹ መጣ። ትሑትና ጥንቁቅ ሰው ነበር። ዙሪያዋን ከተመለከተ በኋላ፣ «መምህር፣ በሩም መስተዋቱም ደኅና ነው። ሁለተኛው ቁልፍ በማን እጅ ይውላል?» ሲል ጠየቀን።

ሁለተኛው ቁልፍ በወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ በምስማር ይንጠለጠላል። ቅዳሜ ቅዳሜ እርሱን አውርዶ መኪናዋን የሚያጥባት፣ ከጎጃም መጥቶ ከእኛ ጋር እየኖረ ማታ ማታ የሚማረው የእኅታችን ልጅ ነው። ይህንኑ ነገርነው፤ ጻፈው። ከዚያም የምንጠረጥረው ሰው ካለ የምንሞላበት ባዶ መስመር ያለውን ፎርም ሰጠን።

ውላችንን ስናነብ፣ በቤተ ሰብ አባል ወይም በቤት ሠራተኛ ለተፈጸመ ስርቆት ኩባንያው አይከፍልም ይላል። እንግዲህ ችግሩን ተመልከቱ። ልጁ ንጹሕ ከሆነ ገንዘብ እናገኛለን፤ ካልሆነ እናጣለን። ስለዚህ በእጃችን ስላደገው ልጅ የምንሰጠው ምስክርነት የተጠቃሚ ሰው ምስክርነት ሆነ። አንድ ዘመዳችንማ፣ ነገሩ እስኪበርድ ወደ ሀገሩ ላኩት ብሎ መከረን። ይህ ምክር ልጁን ወንጀለኛ አድርጎ ለመንገር ከፎርሙ ይልቅ የፈጠነ ነበር፤ አልተቀበልነውም።

በዚያው ምሽት ልጁ ወደ ክፍላችን ገብቶ፣ «ጋሼ፣ እኔ ነኝ ብለው ያስባሉ?» አለን። አናስብም አልነው። ነገር ግን ፎርሙ በጠረጴዛው ላይ ነበረና ዓይኑ ከእርሱ አልተነሣም። በፊቱ ከባዶው መስመር ላይ «የለም» ብለን ጽፈን ፈረምን።

ከሦስት ቀን በኋላ ገማቹ ባለበት አንድ መካኒክ በመሪው ሥር ያለውን ሽፋን ፈታ። ቁልፍ የሚገባበት የማስነሻው ብረት በጠንካራ መሣሪያ ተፈልቅቆ ከንፈሩ ተሰብሯል፤ ስባሪውም ከወንበሩ ሥር ጭቃው ውስጥ ተገኘ። የእንዲህ ያለ አሮጌ መኪና በር በቀጭን ብረት ያለ ምልክት እንደሚከፈትም መካኒኩ በዚያው በእኛው በር ላይ አሳየ። ገማቹ ፎቶግራፍ አንሥቶ በማስታወሻው ጻፈ። መኪናዋ አስቀድማ ታጥባና ማስነሻዋ ተለውጦ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ በውኃው ሄዶ ነበር።

የቀረው የተለመደው የቢሮ መንገድ ነው። ጋራዦች ተወዳደሩ፤ ዝቅተኛው 164 ሺህ ብር ጠየቀ። የእኛ ድርሻ፣ እንዲሁም አሮጌው ጎማ በአዲስ በመተካቱ የታሰበው ተቀንሶ፣ ኩባንያው 131 ሺህ ብር ከፈለ። የተሰበረውን ፓራውልት ቅሪት ነው ብሎ ወሰደ። አራት ወር ፈጀ፤ በዚያ ጊዜ በታክሲ ተመላለስን። ካሣው ሙሉ በሙሉ ከተከፈለ በኋላ ተገኝታ ቢሆን ኖሮ ግን መኪናዋ የኩባንያው ትሆን ነበር፤ ይህንንም ብዙ ሰው ሳያውቀው ይፈርማል።

ልጁ ዛሬም ቅዳሜ ቅዳሜ ያጥባታል። የሚያጥበው ግን ውጭዋን ብቻ ነው። ቁልፉን ስንሰጠው፣ «እዚያው ይሰቀል፣ ጋሼ» ይላል፤ ውስጧን የምንጠርገው እኛው ነን።