በግማሽ ቮልት መስማት

የጋዜጠኝነት ምሩቅ ስለ ትራንዚስተር ልጻፍ ሲል ሳቃችሁ ከመጣ ሳቁ፤ እንጠብቃለን። ጨረሳችሁ? እንግዲያው እንቀጥል።

የቴሌቪዥን ሪሞት ውስጥ የምንከታት ድንጋይ 1.5 ቮልት አላት። አናሎግ አምፕሊፋየር (ማጉያ እንበለው) የሚነድፉ አንዳንድ መሐንዲሶች ግን የእሷ ሲሶ፣ 0.5 ቮልት ይበቃናል ይላሉ። ወደው አይደለም። ቺፕ እያነሰ በሄደ ቁጥር የሚሸከመው ቮልቴጅም ያንሳል። አንዲት የሲሊከን የፀሐይ ሴልም ብትሆን የምትሰጠው ከዚያ እምብዛም አይበልጥም።

ችግሩ ትራንዚስተር ደፍ አለው። ከደፉ በላይ ቮልቴጅ ካልሰጡት በደንብ አይከፈትም። በ0.18 ማይክሮን ቴክኖሎጂ ይህ ደፍ 0.5 ቮልት አካባቢ ነው። ያላችሁ ሁሉ በር ላይ አለቀ ማለት አይደል? ትራንዚስተሮችን እንደ ፎቅ ደራርቦ የማጉላት አቅምን መጨመርማ ጭራሽ አይታሰብም።

አንዱ መላ የመጣው ከሰዓት ሰሪዎቹ አገር ነው። በስዊዘርላንድ ኑሻቴል ይሠሩ የነበሩት ኤሪክ ቪቶዝና ፌልራት እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ከደፉ በታች ሾልካ የምታልፈው ጥቂት ከረንት ለማጉያ ሥራ እንደምትበቃ አሳዩ። ዘገምተኛ ናት። የኳርትዝ ሰዓት ኦሲሌተር ግን በሰከንድ 32,768 ጊዜ ብቻ ስለሚመታ አትቸገርም።

ሌላው መላ የኒውዮርክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲዎቹ ቻተርጂ፣ ሲቪዲስና ኪንጌት የትራንዚስተሩን አራተኛ እግር አስታወሱ። ብዙ ጊዜ ሦስቱ ብቻ ይቆጠሩና ይህቺ «ቦዲ» የምትባለው ትረሳለች። በአንዱ ማጉያቸው ሲግናሉን በእሷ አስገቡት፤ በሌላው ግን በተለመደው እግር፣ በ«ጌት»። ፎቁንም ትተው ማጉያዎቹን ጎን ለጎን ቀጣጠሉ። ሲግናል በጌት ከሚገባበት ማጉያም በ0.5 ቮልት የሚሠራ፣ እስከ 135 ኪሎኸርዝ ያለውን አሳልፎ ከዚያ በላይ ያለውን የሚያስቀር ፊልተር ወጣቸው።

ዕዳው ግን አልቀረም። ኤሌክትሮኖች በሙቀት የሚያነሱት ጫጫታ፣ ቮልቴጅ ቀነሰ ብሎ አይቀንስም። ሲግናሉ በቮልት በግማሽ ሲያንስ ኃይሉ ሩብ ይሆናል፤ የድሮውን ጥራት ለመመለስ የፊልተሩ ካፓሲተር አራት እጥፍ ማደግ አለበት። መርካቶ መሀል ቆሞ እንደ ማንሾካሾክ ነው።

ታዲያ እኛን ምን አገባን? አያታችን ጆሯቸው ላይ የሚያደርጓት የመስማት አጋዥ መሣሪያ በ1.4 ቮልት የዚንክ ባትሪ ነው የምትሠራው። ባትሪዋ ላይ ያለው ተለጣፊ ከተላጠ አየር ገብቶባት ሥራ ትጀምራለች፤ ከዚያ በኋላ መሣሪያው ቢጠፋም ቀስ በቀስ መድከሟ አይቀርም። ይህን ብንነግራቸውም «ለእንግዳ ትሁን» ብለው ከእኛ ጋር ቡና ሲጠጡ ያጠፏታል። እኛ ስንስቅ አብረውን ይስቃሉ። ምን እንዳልን ሳይሰሙ።

ስለዚህ አንድ መሐንዲስ «በጥቂት ኃይል የሚሠራ ማጉያ ነደፍኩ» ሲል ስንሰማ፣ ለእኛ ከአቦል እስከ በረካ ሳትጠፋ የምትቆይ መሣሪያ ናት የምትታየን።