ውሃው ወዴት ሄደ?

አባታችን ከዘጌ መጥተው በዋሽንግተን አካባቢ ከእኛ ጋራ መኖር ከጀመሩ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ጧት ዳዊታቸውን ከደገሙ በኋላ ከመስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው መኪና ሲመላለስ ይመለከታሉ። እኛ ወደ ሥራ እንሮጣለን፤ የልጃችን አማርኛ አጭር ነው፤ የእርሳቸው እንግሊዝኛ ከዚያ ያጥራል። ስለዚህ አያትና የልጅ ልጅ በአንድ ጣራ ሥር እየኖሩ ከሰላምታ በቀር የሚነጋገሩት አልነበራቸውም። በሰው አገር ወላጅ የሚጦር አንባቢ ይህን ያውቀዋል። እኛም ከማዘን በቀር ያደረግነው ነገር አልነበረም።

በግንቦት ወር አንድ ቅዳሜ ከከተማው በስተ ደቡብ ወደሚገኘው ሜሰን ኔክ ይዘናቸው ሄድን። በዚያ ኬንስ ክሪክ የሚሉት ጸጥ ያለ ጅረት በዛፍና በቄጠማ መካከል እየተጠማዘዘ መጥቶ ከፖቶማክ ወንዝ ወሽመጥ ይገባል። ካያክ የሚባሉ ጠባብ ጀልባዎች ሁለት ተከራየን፤ አንዱን አባታችንና ልጁ፥ ሁለተኛውን እኛ ያዝን። አንድ ወጣት መቅዘፊያ እንዴት እንደሚያዝ ለአባታችን ደጋግሞ ሲያሳያቸው እኛ አፈርን፤ እርሳቸው ግን በትዕግሥት ሰሙት። ከደንገል በተሠራ ታንኳ ቡና ጭነው ወደ ባሕር ዳር ገበያ ይቀዝፉ እንደ ነበረ ማን ይንገረው!

ወደ ውስጥ ስንዘልቅ ወሬያችን ጠፋ። ኤሊዎች በወደቀ ግንድ ላይ ተደርድረው ፀሐይ ይሞቃሉ። ራሱ ነጭ የሆነ ንስር ከደረቅ ዛፍ ጫፍ ቁልቁል ያየናል። ዲዲቲ የተባለው የተባይ መድኃኒት የእንቁላሉን ቅርፊት እያሳሳ የዚህን ወፍ ዘር ሊያጠፋው ተቃርቦ ነበር፤ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1969 በዚሁ ምድር ለእርሱ ጥብቅ ስፍራ ተከለለለት፤ መድኃኒቱም በ1972 ታገደ።

ስንመለስ የእኛ ጀልባ ጭቃ ላይ ተቀመጠች። ስንገባ ውሃ የነበረበት ስፍራ ጭቃ ሆኗል። ደንግጠን በመቅዘፊያ ስንታገል አባታችን፥ «ተዉት፤ ጭቃ አይገፋም። ወደ ኋላችሁ ተመለሱና ውሃው ወደሚጠቍርበት ቅዘፉ» አሉን። እንዳሉት አድርገን ወጣን። እርሳቸው ግን በቄጠማው ላይ የቀረውን እርጥብ ምልክት እያዩ፥ «ጣና በክረምት ይሞላል፥ በበጋ ይጎድላል፤ በአንድ ጧት ግን እንዲህ አይሸሽም። ይህ ውሃ ወዴት ሄደ?» ብለው ጠየቁ።

የመለሰላቸው ልጁ ነው። «አባባ፥ ጨረቃ ትስበዋለች» አለ። ጨረቃ የውቅያኖሱን ውሃ ስትስብ በቀን ሁለት ጊዜ ያህል ሙላትና ጉድለት እንደሚሆን፥ ይህም ከባሕሩ ርቆ እስከዚህ ጅረት እንደሚደርስ በእጁ እያሳየ አስረዳ። ቃል ሲጠፋበት እንግሊዝኛ ይጨምርበታል። እኛ ለመተርጐም አፋችንን ስንከፍት አባታችን እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኙን።

በማግሥቱ ከቅዳሴ መልስ ከመስኮታቸው አጠገብ ተቀምጠው ልጁን ጠሩት።

«አሁንስ» አሉት፥ «ገባ ወይስ ወጣ?»