«አንተ ስንት ትላለህ?»

ዛሬ የማወጋችሁ ከመዳፍ ብዙም ስለማትበልጥ ወረቀት ነው፤ ስለ አሮጌ ፖስትካርድ። ወረቀቷ ትንሽ ናት። በእርሷ ላይ የሚደረገው የዋጋ ክርክር ግን ስለ ንግዳችንና ስለ ቃላችን ብዙ ይናገራል።

የሐረርን፣ የድሬዳዋንና የአዲስ አበባን አሮጌ ፖስትካርዶች መሰብሰብ ከጀመርኩ አሥራ አምስት ዓመት ሆኖኛል። ለምን ብሎ ለሚጠይቀኝ መልሴ አጭር ነው። በአያቶቻችን ዘመን ካሜራ የነበረው ሰው ጥቂት ነበር። የጀጎል በሮች፣ ገበያው፣ የሴቶቹ አለባበስ፣ የግመሉ ጭነት በየቤታችን አልበም ውስጥ አይገኙም። የውጭ አገር ነጋዴ ወይም መንገደኛ ለዘመዱ ሰላምታ ሊልክበት በገዛው ካርድ ላይ ግን ይገኛሉ።

አገራችን የመጀመሪያዎቹን ቴምብሮች ፓሪስ ላይ ያሳተመችው በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1894 ነው። የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው ደግሞ በ1908 ነው። እስከዚያ ድረስ የእኛ ቴምብር ብቻውን ደብዳቤን ከአገር ስለማያሻግር፣ በጅቡቲ በኩል ለሚያልፈው የፈረንሳይ ግዛት ቴምብር ይጨመርበት ነበር። ሁለቱ ቴምብሮች ጎን ለጎን የተለጠፉባት ካርድ ስትገኝ የሰብሳቢ ልብ ይመታል። ጣጣውም የሚጀምረው እዚያው ላይ ነው።

እነዚህ ካርዶች መደበኛ ገበያ የላቸውም። የሚገኙት በአሮጌ ሣጥን፣ በውርስ አልበም፣ አንዳንዴም በደላላ ኪስ ውስጥ ነው። ባለቤቱን «ስንት ነው?» ስትሉት «አንተ ስንት ትላለህ?» ይላችኋል። «ባለቤቱ እርስዎ ነዎት» ስትሉ «የምታውቀው አንተ ነህ፣ ልጄ» ይላሉ። በዚህ ሁኔታ ሦስት ብርጭቆ ሻይ ይጠጣል። በመጨረሻ እኔ «አምስት መቶ ብር» ካልኩ፣ «ይህ ሰው በአንድ ጊዜ አምስት መቶ ካለ አምስት ሺህ ቢያወጣ ነው» ተብሎ ካርዱ ወደ ሣጥኑ ይመለሳል። ዝቅ ካደረግሁ ደግሞ አታላይ እባላለሁ። ከፍ ብልም ዝቅ ብልም ውጤቱ አንድ ነው።

ሌላው ችግር ከባሕር ማዶ የሚመጣ ዋጋ ነው። ውጭ አገር ያለ ዘመድ በስልክ «እዚህ እንዲህ ያለው በሦስት መቶ ዶላር ቀርቦ አየሁ» ይላል። የቀረበበት ዋጋና የተሸጠበት ዋጋ የተለያዩ መሆናቸውን ማስረዳት ከባድ ነው። ሥዕሉ አንድ ዓይነት ቢሆንም በፖስታ የተጓዘው ካልተጓዘው፣ ጠርዙ የተጎዳው ካልተጎዳው ይለያል። ይህን ስናገር ሰበብ እየፈለግሁ ይመስላቸዋል።

ዕቃውን መመርመርም ያስቀይማል። በዛሬ ማተሚያ የተባዛ ካርድ በማጉያ መነጽር ሲታይ ባለ ቀለም ጥቃቅን ነጥቦች ይታዩበታል፤ በፎቶግራፍ ወረቀት ላይ የታጠበ የጥንት ካርድ ግን ነጥብ የለውም። የካርዱ ጀርባም ዕድሜውን ይናገራል። ቀድሞ ጀርባው ለአድራሻ ብቻ የተፈቀደ ስለነበር መልእክቱ በሥዕሉ ጠርዝ ላይ ይጻፍ ነበር። ጀርባውን በመስመር ከፍሎ ግማሹን ለመልእክት መተው በእንግሊዝ በ1902፣ በአሜሪካ በ1907 ተፈቀደ። እኔ ይህን ለማየት መነጽሬን ሳወጣ ሻጩ ፊቱን ያጠቁራል፤ «ወላሂ የአያቴ ነው! አታምነኝም?» ይላል። ሻጭ የዕቃውን ነውር የመናገር ግዴታ እንዳለበት፣ ዕቃን ለማስወደድ መሐላ ማብዛትም የተጠላ መሆኑን ሁላችንም ተምረናል። መነጽር ሊመልሰው የሚችለውን ጥያቄ በአላህ ስም መመለስ ለምን አስፈለገ?

ሆኖም ሻጮችን ብቻ መውቀስ ፍትሕ አይሆንም። ጥርጣሬያቸው ከሜዳ አልመጣም። ከአረጋውያን እጅ በሻይ ዋጋ ገዝተው በዶላር የሸጡ ሰዎች እንዳሉ ይወራል። አንድ ጊዜ የተታለለ ቤተሰብ ቀጥሎ የመጣውን ሁሉ አታላይ አድርጎ ቢያይ አይፈረድበትም።

የዚህን ሁሉ ዋጋ የሚከፍለው ግን ወረቀቱ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ድሬዳዋ ውስጥ አርባ አንድ ካርዶች የያዘ አልበም ለመግዛት ተስማምቼ ቀብድ ሰጠሁ። በሳምንቱ ስመለስ ቀብዴ ተመለሰልኝ። በመካከሉ ሌላ ሰው መጥቶ ቴምብሮቹን ብቻ በተሻለ ዋጋ ገዝቶ ኖሯል። ቴምብሮቹ ሲላጡ የወረቀቱ ገጽ አብሮ ተነሥቷል። ከካርዶቹ አንዷ አንድ የሐረር ነጋዴ ወደ ኤደን በዐረብኛ የጻፋት ነበረች። ስለ ቡና ጭነት የሚናገረው መሥመር ተርፏል፤ የጸሐፊው ስምና ቀኑ ግን ከቴምብሩ ጋር ሄደዋል። ያ ሰው የማን አያት እንደነበር ከዚያች ካርድ ማወቅ ከእንግዲህ አይቻልም። ቴምብሩም ቢሆን ከነካርዱ ቢቆይ ኖሮ ይበልጥ ዋጋ ያወጣ ነበር።

ከዚያ ወዲህ አንድ ሥርዓት ይዣለሁ። ስለ ዋጋ ከመነጋገራችን በፊት ባለቤቱ ፈቅዶ የካርዱ ሁለቱም ገጽ በራሱ ስልክ እንዲነሣ እጠይቃለሁ፤ ቅጂው የቤተሰቡ ነው። አንዳንዱ «ቅጂው ዋጋውን ያረክሰዋል» ብሎ ይሰጋል፤ ነገር ግን ሰብሳቢ የሚገዛው ወረቀቱን ነው። ቀጥሎ የማውቀውን ሁሉ፣ ዋጋውን የሚጨምረውን ጭምር፣ አስቀድሜ እናገራለሁ። ከዚያ በኋላ ሻጩ ዋጋውንና ዋጋው የሚጸናበትን ቀን በወረቀት ላይ እንዲያሰፍር እለምናለሁ። ብዙዎቹ አሁንም እምቢ ይላሉ። እምቢ ካሉትም ቤት ቢሆን ግን ቢያንስ የካርዱ ቅጂ ይቀራል።

ውድ አንባቢያን፣ በቤታችሁ እንዲህ ያለ አሮጌ ሣጥን ካለ፣ ደላላ ከመጥራታችሁ በፊት በዕድሜ የገፉትን እናት ወይም አባት አጠገባችሁ አስቀምጡ። በሥዕሉ ላይ ያለው ቦታ የት እንደሆነ፣ ሰዎቹም እነማን እንደሆኑ ጠይቁና በተለየ ወረቀት ላይ ጻፉ። ቴምብሩን አትላጡ፤ ካርዱን በሙጫ አትለጥፉ። ቀጥሎ መሸጥም ሆነ ማስቀመጥ የእናንተ ፈንታ ነው። ለመሸጥ ከወሰናችሁ ግን ዋጋውን ራሳችሁ ተናገሩ፤ በተናገራችሁትም ጽኑ። አላህ በንግዳችን ላይ በረካውን ያድርግ።