ታማኝ ማን ነው?

«ውሻ ታማኝ ነው» እንላለን። ሰውን «ውሻ» ብንለው ግን ስድብ ነው። ይሄ ነገር ሁሌም ይገርመኛል። ታማኝነት የጌታን እግር እየተከተሉ መሄድ ቢሆን ኖሮ ስድቡ ምርቃት ይሆን ነበር።

እስቲ ቃሉን ፈታ አድርገን እንየው። «አመነ» ከሚለው «አማኝ» ይወጣል፤ «ታመነ» ከሚለው ደግሞ «ታማኝ»። አማኝ የሚያምን ነው፤ ታማኝ ግን ሌላ ሰው ያመነው ነው። ስለዚህ ማንም ብቻውን ተነስቶ ታማኝ አይሆንም። መጀመሪያ አንድ ሰው አምኖ የሆነ ነገር በእጁ ያስቀምጣል። አደራ የምንለው ይሄንን ነው።

ነገሩ ይበልጥ የገባኝ ሥራ ቦታ ነው። አንድ አለቃዬ፣ ያልገባ ዕቃ «ገብቷል» የሚል ሰነድ ላይ እንድፈርም ጠየቀኝ። እምቢ ስለው «እኔ እኮ ታማኝ ሰው መስለኸኝ ነበር» አለ። ገንዘቡ ግን የእሱ አልነበረም። እሱንም እኔንም አምነው ያስቀመጡን ሌሎች ናቸው። አልፈረምኩም። ኮንትራቴ ሲያልቅ አልታደሰም፤ ለአራት ወር የቤት ኪራዬን እህቴ ከፈለችልኝ።

እቁብ የሚጥል ሰው ይህን ሳይነገረው ያውቃል። ዕጣው ቀድሞ የወጣለት ዋስ ይጠራል። መጨረሻ የሚደርሰው ግን ዋስ አያስፈልገውም፤ የሚጠበቅበትን ጥሎ ጨርሷል። ፈተናው ያለው ብሩን ከበሉ በኋላ ነው። ጥሩ እቁብተኛ ማለት ከደረሰው በኋላም በየሳምንቱ መጣሉን የማያቋርጥ ነው፤ ዳኛውን ማሞገስ አይጠበቅበትም። ሒሳቡ ግራ ገብቶት ዳኛውን ቢጠይቅም «ከዳ» የሚለው የለም።

«ከዳ» ካልን አይቀር፣ «ባንዳ»ም አለ። ቃሉ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው ወረራ ከጠላት ጎን ተሰልፈው ወገናቸውን የወጉትን የምንጠራበት ከባድ ስም ነው። ዛሬ ኮሜንት ላይ ሐሳባችንን ያልደገፈ ሁሉ ባንዳ ሆኗል። ግን የትኛውን አደራ በላ? ማን፣ ምን ሰጥቶት ነበር?

«ታማኝ ሁን» የሚለኝ ሰው ሲመጣ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ፦ ያመነኝ ማን ነው? በእጄ ያስቀመጠውስ ምንድን ነው? መልስ ካጣሁ፣ የተፈለገው ሎሌ ነው።