«ይሄስ ምን ቀለም ነው?»

ቀይና አረንጓዴ የማይለይ ዓይን ይዤ ሥዕል እማራለሁ። ይህን የሰማ ሰው ከሁለት አንዱን ሳያደርግ አይለቀኝም። አንደኛው በአጠገቡ ያለውን ዕቃ ሁሉ እያነሳ «ይሄስ ምን ቀለም ነው?» ማለት ነው። ሶዶ ካፌ ቁጭ ብለን ማኪያቶ እስኪመጣ የጂንስ ሱሪውን ሳይቀር ያስገምተኛል፤ ሰማያዊን ደግሞ እንደ እናንተው ነው የማየው! ሁለተኛው ማጽናናት ነው፦ «አይዞህ፣ እግዚአብሔር አንዱን ሲነሳ ሌላውን ይሰጣል»። ቅንነቱ ይገባኛል። ግን ምንም የተሰጠኝ ነገር የለም። ሌላው ሰው ትቶት የሚያልፈውን ነገር ማየት ግድ ሆኖብኝ ነው።

በዓይናችን የኋላ ግድግዳ ላይ ቀለም የሚለዩ ሦስት ዓይነት ህዋሳት አሉ። ረጅሙን የብርሃን ሞገድ የሚቀበሉት ከሌሉ ቀይ ድምቀቱን አጥቶ ይጠቁራል። የእኔ ይኸኛው ነው። ቀይ የማይጠቁርባቸው፣ ከአረንጓዴ ጋር ብቻ የሚምታታባቸውም አሉ፤ እንዲያውም እነሱ ይበዛሉ። የሚተላለፈው በኤክስ ክሮሞሶም ስለሆነ ወንድ ልጅ ከእናቱ ይወርሰዋል፤ እናትየዋ ራሷ ግን አብዛኛውን ጊዜ ቀለም አጥርታ ታያለች። የዘር ሐረጋቸው ከአውሮፓ ከሆነ ወንዶች 8 ከመቶ ያህሉ እንዲህ ናቸው፤ አፍሪካ ውስጥ ቁጥሩ ያነሰ ነው። በሴቶች ላይ እምብዛም አይታይም።

የእናቴ ወንድም ገበሬ ነው። ቡና ሲለቅም ፍሬውን በጣቱ ጫን እያደረገ ነው የሚመርጠው፤ የበሰለው እጅ ይሰጣል፣ ጥሬው ይደነድናል። ቀስ ስለሚል ሰነፍ ይሉት ነበር። ስለ ዓይኔ የነገርኩት ቀን «በል፣ አንተም ከኔ ወገን ነሃ!» ብሎ ሳቀና ወደ ሥራው ተመለሰ። ከሰማሁት ሁሉ የተሻለው ምላሽ ይኸው ነው።

እናቴ ደግሞ የጓሮውን እንሰት ዘሩን ለይታ በየስሙ ትጠራዋለች። የቅጠሉን አውራ ጅማትና የግንዱን መልክ ታያለች፤ አንዱ ቀላ ያለ ነው፣ አንዱ ጠቆር ያለ። እኔ ያን ቅላት አላገኘውም። ስለዚህ ከልጅነቴ ጀምሮ የማየው ሌላ ነው፦ ቅጠሉ ቀጥ ብሎ ይቆማል ወይስ ይዘናፈላል፣ ፀሐይ ከጀርባው ስትመታው ምን ያህል ታሳልፋለች፣ ጥላው ግንዱ ላይ የት ጋ ይቆረጣል። ሥዕል ስጀምር ያገለገለኝ ይህ ልማድ ነው። የሥዕል መምህራን ተማሪን «ዓይናችሁን ጠበብ አድርጋችሁ እዩ» የሚሉት ቀለሙን ረስቶ ብርሃንና ጥላውን እንዲመዝን ነው። ጀማሪን ቀለም ያታልለዋል። ቀይ ነጠላ ያየ ልጅ ደማቅ መስሎት ያበራዋል፤ ነጠላው ግን አጠገቡ ካለው ጥላ እኩል የጠቆረ ሊሆን ይችላል። እኔን በዚህ በኩል የሚያታልለኝ ትንሽ ነው። በከሰልና በእርሳስ ስንሠራ እጄ የሚፈታው ለዚህ ይመስለኛል።

ይህ የእኔ ጉራ ብቻ እንዳይመስል፦ እ.ኤ.አ. በ1992 የታተመ የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ሥራ፣ ቅርጽ በተዘበራረቀ ቀለም ሲደበቅ ቀይና አረንጓዴ የማይለዩ ሰዎች ሌላው ያላየውን ቅርጽ እንዳገኙት አሳይቷል። ቀለሙ ስለማይረብሻቸው ነው። ቀይ እየጠቆረብኝ ግን የበርበሬ ገበያን በቀለም ልሥራ ብል ምን እንደሚወጣኝ እናንተው ገምቱ።

መንገድ ያሳየኝ የሻርል ሜሪዮን ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1821 ፓሪስ የተወለደ፣ የባሕር ኃይል መኮንን ሆኖ እስከ ኒውዚላንድ የደረሰ ሰው ነው። ሠዓሊ ልሁን ብሎ ሥራውን ከተወ በኋላ ዓይኑ ቀለም እንደማይለይ ሲረዳ የቀለም ሥዕልን ትቶ በመዳብ ሰሌዳ ላይ በአሲድ ወደሚቀረጽ ህትመት ዞረ። ከ1850 እስከ 1854 የሠራቸውን የፓሪስ ህትመቶች እነ ቪክቶር ሁጎና ቦድሌር አድንቀውለታል። ድልድዮቹና ማማዎቹ በጥቁርና በነጭ ብቻ ቆመዋል፤ ቀለም ጎደላቸው የሚል ተመልካች አላጋጠመኝም። መጨረሻው ግን አያስቀናም፤ በ1868 የሞተው በአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ውስጥ ነው። አሜሪካዊው ፒተር ሚልተን ደግሞ ዬል ዩኒቨርሲቲ፣ የቀለም ሊቅ በሚባለው በጆሴፍ አልበርስ ዘንድ ተምሮ እንኳ ዓይኑን አላወቀም። በ1962 ሥዕሎቹ ወደ ሮዝ ያደላሉ ሲባል ተመረመረ፤ ከዚያ ቀለምን ተወና በጥቁርና ነጭ ህትመት ስሙን ተከለ።

እኛም ዘንድ የህትመት ጥበብ ሥር አለው። ጀርመናዊው ሃንሰን ባይያ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አለ ፈለገ ሰላም ባቋቋሙት የአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት እንጨት ቀርጾ ማተምን አስተምሯል፤ ከተማሪዎቹ አንዱ ዘሪሁን የትምጌታ ነው። እነሱ ቀለም ስለማይለዩ አልነበረም፤ ጥቁርና ነጭ ለራሱ የሚበቃ ጥበብ ስለሆነ ነው።

ቀለምን ጨርሶ አልተውኩም። የሰው ፊት ስሠራ ዓይኔን አላምንም፤ ቱቦው ላይ ያለውን ስም አነባለሁ፣ ከየትኛው ምን ያህል እንደቀላቀልኩ ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ፤ እናቴ ስታበስል እንኳ እንዲህ አትመዝንም። ከዚያ ለክፍል ጓደኛዬ አሳየዋለሁ። አንዳንዴ «ሰውየው ታሟል እንዴ?» ይለኛል። ያኔ አስተካክላለሁ። መምህራን ለሆናችሁ ደግሞ አንድ ነገር፦ ጥቁር ሰሌዳ ላይ በቀይ ቾክ የምታሰምሩበት ዋና ነጥብ እንደ እኔ ላለው ተማሪ ከቀሪው ሁሉ ያነሰ ነው የሚታየው። ነጭ ወይም ቢጫ ተጠቀሙ። ልጁ ደግሞ አላየሁም ብሎ አይነግራችሁም፤ ሰው ሁሉ እንዲሁ የሚያይ ይመስለዋል።

አሁን የያዝኩት ሥራ የወላይታው የባህል ልብስ ዱንጉዛ ነው። ቀይ፣ ጥቁር፣ ቢጫ መሆኑን ወላይታ ውስጥ የማያውቅ የለም። የማየው ግን ሁለት ነው፤ ቀዩና ጥቁሩ ተጠጋግተው አንድ ሰፊ ጥለት ይሆኑብኛል፣ ቢጫው ብቻ ቦግ ብሎ ይወጣል። የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ ሲከበር አደባባዩ ለእኔ በቢጫ መስመር ተሸንሽኖ በጥቁር ላይ የሚንቀሳቀስ ነገር ነው፤ እሱን እንጨት ላይ ልቀርጽ ነው ያሰብኩት። ቀዩ የት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ ለማወቅ አንድ አዛውንት ሸማኔ ጋ ሄድኩ። ችግሬን ስነግራቸው ብዙም አልገረማቸውም። «ልጄ፣ ክሩን ቁጠር እንጂ፤ ጥለት በቁጥር ነው» አሉኝና ስንት ቀይ፣ ስንት ጥቁር እንደሚሄድ አስቆጠሩኝ።

እንግዲህ ሰሌዳው ሦስት ይሆናል። ጥቁሩንና ቢጫውን እኔ አትማለሁ። የቀዩንም ቅርጽ በቁጥሩ መሠረት እኔው እቀርጸዋለሁ፤ ቀለሙን ግን ያ «ታሟል እንዴ» የሚለኝ ጓደኛዬ ይቀላቅላል። ሁለታችንም እንፈርምበታለን። ከእያንዳንዱ ህትመት አጠገብ ቀዩ ሰሌዳ ያልታተመበትን አንድ ቅጂ እሰቅላለሁ፤ ጠያቂ ሲመጣ ወደሱ እጠቁማለሁ።