መሃል ላይ መቆም ክልክል ነው

ማንም አልነካትም። ኳሷም ወደ እሷ አልተወረወረችም። ግን ዳኛው እጁን አነሳና «አውት!» አለ፤ ጨዋታው በዚያው አለቀ። የእህቴ ልጅ በሦስተኛው ቤዝና በሆም መሃል ቆማ ወደ እኔ ታያለች። እኔ ደግሞ አጥሩን ይዤ «ምን አደረገች?» እያልኩ እጮሃለሁ። ምን እንዳደረግኩ የገባኝ በኋላ ነው።

ነገሩ የሆነው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ባለ አንድ ሜዳ ላይ ነው። ልጅቷ 12 ዓመቷ ነው፤ ፋስትፒች ሶፍትቦል ትጫወታለች። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ከእህቴ ጋር ታጣፊ ወንበር ዘርግቼ፣ ሱፍ እየፈለፈልኩ የምጮኸው አጎት ነኝ። እንደዛ የምጮኸው ደግሞ ጨዋታውን የማውቅ ስለመሰለኝ ነበር።

ቤዝቦል የለመድኩት ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ናሽናልስን ለማየት ስታዲየም እየሄድኩ ነው። መጀመሪያ ላይ ሦስት ሰዓት ሙሉ ሰው ቆሞ የሚተፋበት ጨዋታ ነው ብዬ ነበር። የያዘኝ ኳስ መምታቱ ሳይሆን በወርዋሪውና በሯጩ መሃል ያለው መፋጠጥ ነው። ሯጩ አንደኛ ቤዝን ለቆ ሁለት ሦስት እርምጃ ይወጣል። ወርዋሪው በጎን ያየዋል። ዞር ብሎ ወደ ቤዙ ቢወረውር ሯጩ በደረቱ ተንሸራቶ ይመለሳል፤ ወደ መቺው ከወረወረ ግን ሯጩ ሁለተኛውን ቤዝ «ሊሰርቅ» ይበራል። ሌባና ፖሊስ በሉት። ሪኪ ሄንደርሰን የሚባለው ሰው በዕድሜ ዘመኑ 1,406 ቤዝ ሰርቋል፤ የደረሰበት የለም።

ወርዋሪው ግን እንዳሻው ማታለል አይችልም። ከመወርወሩ በፊት ሙሉ በሙሉ መቆም አለበት፤ ወደ ሆም መወርወር ከጀመረ መጨረስ አለበት። እግሩ ሰሌዳው ላይ እያለ ወደ አንደኛ ቤዝ የወረወረ መስሎ ቢያቆም «ባልክ» ይባልና ሯጮቹ ሁሉ አንድ አንድ ቤዝ በነፃ ይሄዳሉ። በ2023 ደግሞ ሕጉ ጠበቀ፦ ለአንድ መቺ ወርዋሪው ሰሌዳውን መልቀቅ ወይም ወደ ቤዝ መወርወር የሚችለው ሁለት ጊዜ ነው። ሦስተኛውን ሞክሮ ሯጩን ካላስወጣ ባልክ ነው። ቤዞቹም ከ15 ኢንች ወደ 18 ኢንች ሰፉ። በ2022 በትልቁ ሊግ 2,486 ቤዝ ተሰርቆ ነበር፤ በ2023 ቁጥሩ 3,503 ደረሰ። እኔ ኮድ ጸሐፊ ነኝ፤ ሁለት ሦስት መስመር ስትነካ ሲስተሙ በሙሉ ጠባዩን ሲቀይር ማየት ደስ ይለኛል። እናም ይሄን ሁሉ እውቀት ይዤ ሶፍትቦል ሜዳ መጣሁ።

ሶፍትቦል ግን የቤዝቦል ታናሽ እህት አይደለችም፤ የራሷ ሕግ አላት። ከቤዝ ቤዝ 60 ጫማ ብቻ ነው፤ የቤዝቦሉ 90 ነው። ኳሷ ከታች ወደ ላይ ነው የምትወረወረው። በፋስትፒች ሯጯ ኳሷ ከወርዋሪዋ እጅ ሳትወጣ እግሯን ከቤዝ ማንሳት አትችልም፤ እንደ ሄንደርሰን አስቀድሞ ወጥቶ መደነስ የለም። በወርዋሪዋ ዙሪያ ደግሞ ክብ ተሥሯል፤ ከመሃሉ እስከ ጠርዙ 8 ጫማ። ወርዋሪዋ ኳሷን ይዛ እዚያ ክብ ውስጥ ከሆነችና ሯጯን ለማስወጣት ካልሞከረች፣ ከቤዝ ውጭ ያለች ሯጭ አንዴ ብቻ መቆም ትችላለች። ከዚያ ወዲያው ወይ ወደፊት፣ ወይ ወደኋላ። ከመረጠች በኋላ መቆምም ሆነ ሐሳብ መቀየር የለም። ካመነታች፣ ልጆች ሳለን ሰኞ ማክሰኞ ላይ እንደምንለው፣ ተቃጠለች።

የዚያን ቀን በአንድ ነጥብ እየተመራን ነበር፤ የመጨረሻው ዙር፣ ሁለት ሰው ወጥቷል። እሷ ሦስተኛ ቤዝ ላይ ነች። ኳሷ ከካቸሯ ጓንት አምልጣ እግሯ ሥር ወደቀች። ልጃችን አራት አምስት እርምጃ ወጣች። ካቸሯ አንስታ አየቻትና ኳሷን ክቡ ውስጥ ላለችው ወርዋሪ መለሰችላት። አሰልጣኙ «ባክ! ባክ!» አለ። እሷም ዞራ መመለስ ጀመረች። ያኔ ወርዋሪዋ አንገቷን ስትደፋ አየሁና የቤዝቦል ጭንቅላቴ ፈነዳ፦ «ሩጪ! አሁን ሩጪ!» አልኩ በአማርኛ፣ ባለኝ ድምፅ በሙሉ።

ቆመች።

መኪና ውስጥ ማንም አላወራም። እህቴ ሬዲዮውን ከፈተችው፣ መልሳ ዘጋችው። ማታ ሕጉን ፈልጌ ሦስቴ አነበብኩት። ስህተቱ ከእሷ ቢሆን በተሻለኝ፤ እሷ ግን በትክክል ወስና ነበር።

በማግሥቱ እሑድ ቡና ላይ ይቅርታ ጠየቅኋት። ምንም ሳትል አራት ሲኒ ከረከቦቱ ላይ አነሳችና ምንጣፉ ላይ ደረደረች። የስኳር ዕቃውን መሃል አስቀመጠች፣ «ይሄ ሰርክሉ ነው» አለችኝ። ማንኪያዋን ይዛ ሕጉን ከእኔ ንባብ በተሻለ አስረዳችኝ።

«ታዲያ ሕጉን ካወቅሽ ለምን ቆምሽ?» አልኳት።

«አንተ ጠራኸኝ» አለች። «ኮችም ጠራኝ። ሁለታችሁንም ሰማኋችሁ።»

እህቴ ጀበናውን እንደያዘች ቀረች። ሁለታችንም የምናስበው አንድ ነገር ይመስለኛል። ይህቺ ልጅ ትምህርት ቤት «ዓይን ዓይን እያየሽ አውሪ» ትባላለች፤ ቤት ደግሞ «ታላቅ ሲናገር አንገትሽን ስበሪ» እንላታለን። እዛ «እምቢ ማለት ተማሪ»፣ እዚህ «እሺ በይ»። እኛ እየተቀባበልን እንጠራታለን፣ ከዚያ መሃል ላይ ስትቆም «ምን ሆነሽ ነው?» እንላለን። እኔ በ24 ዓመቴ ነው የመጣሁት፤ ሁለት ድምፅ መስማት የጀመርኩት ካደግኩ በኋላ ነው። እሷ የተወለደችው እዛው መሃል ነው።

«ከእንግዲህ አልጮህም» አልኳት።

ትንሽ አሰበች። «ጩህ። ግን ኳሷ ሰርክል ውስጥ ስትሆን ዝም በል።»

ባለፈው ቅዳሜ እንደገና ሦስተኛ ቤዝ ላይ ነበረች። ትንሽ ወጣች፤ ኳሷ ክቡ ውስጥ ገባች። አፌ ውስጥ ያለውን ሱፍ ነክሼ ያዝኩ። ቆመች፣ ወርዋሪዋን አየች፣ ዞራ በቀጥታ ወደ ቤዟ ተመለሰች። ቤዙን ከረገጠች በኋላ ነው ወደ አጥሩ ቀና ያለችው።

ያኔ ጮህኩ።