አምስቱ ቀዳዳዎች

ዛሬ ስለ አንዲት አሮጌ ጀልባ ልጻፍላችሁ። ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ ሻይ ይዛችሁ አንብቡት።

ተወልጄ ያደግኩት ሐዋሳ ነው። ለሰፈሬ ልጆች ጀልባ ማለት ሐይቅ ላይ የሚሄድ ነገር ነው። ለእኔ ግን ከማድ ቤታችን ጀርባ ድንጋይ ላይ የተቀመጠ፣ ዶሮዎች ሥሩ የሚያድሩበት፣ እናቴ በርበሬ የምታሰጣበት ዕቃ ነበር። አባቴ (አላህ ይዘንለት) በ2003 ዓ.ም. ጀልባዋን ከሐይቁ አስወጥቶ በአይሱዙ ጭኖ አመጣት። ሸራ አለበሳት። ከዚያ በኋላ እሱ በሕይወት እያለ አንድም ቀን ሐይቅ አልነካችም።

ከዚያ በፊት ኑሯችን እሷ ነበረች። አባቴ እሁድ እሁድና በበዓላት ቀን ከፍቅር ሐይቅ ሰው አሳፍሮ ጉማሬ ያሳይ ነበር፤ በአዘቦት ቀን ደግሞ አሞራ ገደል ካሉት ዓሣ አጥማጆች ጋር ይሠራ ነበር። ጀልባዋን ካስወጣት በኋላ አንድ መጋዘን በዘበኝነት ተቀጠረ። ቤታችን ውስጥ ሥጋ ብርቅ የሆነው ያን ጊዜ ነው።

እኔ 15 ዓመቴ ነበር። አንድ ማታ የትምህርት ቤት ጫማ እንዲገዛልኝ ጠይቄው «የለኝም» ሲለኝ፣ «የራስህ ጀልባ ግቢህ ውስጥ ቆሞ የሰው በር ትጠብቃለህ!» አልኩት። አልተቆጣኝም። ካፖርቱን ለብሶ ወደ ሥራው ወጣ። ያን ንግግር አውፍ በለኝ ሳልለው በ2012 ዓ.ም. ወደ አኼራ ሄደ።

በ2014 አንድ ሰው መጣ። በበዓል ቀን ሰው የሚያንሸራሽሩ ጀልባዎች አሉት። ጀልባችንን ዞሮ አያትና «ቀለም ቀብታችሁ፣ ወንበሯን አሳምራችሁ አስረክቡኝ፤ 90 ሺህ ብር እከፍላለሁ» አለ። ታናሽ እህቴ ያን ዓመት ኮሌጅ ልትገባ ነበር። እኔ ስልክ ጥገና እሠራለሁ፣ ወንድሜ ባጃጅ ይነዳል። 90 ሺህ ብር ለእኛ ቤት ምን ማለት እንደሆነ መናገር አያስፈልገኝም። በማግስቱ ሸራውን ገፈፍኩት።

ጀልባዋ 4.8 ሜትር ርዝመት፣ 1.8 ሜትር ወርድ አላት። የኋላ ግድግዳዋን ሳጥብ በቀኝ በኩል የታተሙ ፊደሎችና ቁጥሮች አገኘሁ፤ 12 ናቸው። ኢንተርኔት ላይ ሳጣራ አሜሪካ ከ1972 ጀምሮ በየጀልባው ላይ እንዲታተም ያዘዘችው መለያ ቁጥር ነው። የእኛዋ የመጨረሻ አራት አኃዞች 0574 ይላሉ፤ በፈረንጆች ግንቦት 1974 ተሠርታለች ማለት ነው። በሁለት አስርት ዓመታት ትበልጠኛለች። ግን ፋይበር ግላስ ክፉ ዕቃ አይደለም፤ የደበዘዘውን ላይ በላዩ በውሃ ብርጭቆ ወረቀት ስፈትገው ከሥሩ ነጭ ሆኖ ወጣ። «በአራት ቀን እጨርሳታለሁ» ብዬ ተደሰትኩ።

በሁለተኛው ቀን የሰፈራችን ባቱላሜራ ሊያይ መጣ። ጋሼ እንለዋለን። የተሰበረ የሚኒባስ መከላከያ በፋይበር ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። ቀለሙን ቀና ብሎ እንኳ አላየውም። ከኪሱ ሳንቲም አውጥቶ ጀልባዋን ከፊት ወደ ኋላ ማንኳኳት ጀመረ። ጠንካራው ቦታ «ቃ፣ ቃ» ይላል። የኋላው ግድግዳ ታች ላይ ሲደርስ ድምፁ «ዱብ፣ ዱብ» ሆነ፤ የረጠበ ጆንያ የሚመታ ነው የሚመስለው።

«ሞተሩ የሚንጠለጠለው እዚህ አይደል?» አለኝ።

«አዎ ጋሼ።»

ወደ ውስጥ ገብቶ በጣቱ ደባበሰና «ይሄን ማን በሳው?» አለ። ጎንበስ ብዬ ሳይ፣ ከሞተሩ መቀመጫ ሥር አምስት ትንንሽ ቀዳዳዎች በመስመር ተደርድረዋል። እያንዳንዳቸው በእንጨት ሹል ተወትፈው በካትራሜ ታሽገዋል። ሹሎቹን በፒንሳ ነቀልናቸው። ከላይኞቹ ሁለቱ ሽቦ ሰድደን ስናወጣ ደረቅ የእንጨት ብናኝ ወጣ። ከታችኞቹ ሦስቱ የወጣው ግን ጥቁር፣ እርጥብ፣ የቡና አተላ የሚመስል ነገር ነው።

ጋሼ ጣቱን ጠረገና «ይህን የበሳ ሰው አውቆ ነው የበሳው» አለ።

ነገሩን ያስረዳኝ እሱ ነው። ፋይበር ግላስ ራሱ አይበሰብስም። ግን የኋላው ግድግዳ ፋይበር ብቻ አይደለም፤ በሁለት የፋይበር ቆዳ መካከል ወፍራም ኮምፔርሳቶ አለ። ብሎን የገባበት ቀዳዳ በደንብ ካልታሸገ ውሃ ቀስ እያለ ወደ እንጨቱ ይገባል፤ ገብቶም መውጫ የለውም። እንጨቱ ለዓመታት ሲበሰብስ ከውጭ ምንም አይታይም። ሞተሩ ግን ጀልባዋን የሚገፋው በዚያ ግድግዳ ነው። አንድ ቀን ሰው ተሞልቶ ነዳጅ ሲሰጠው ግድግዳው ተቀድዶ ሞተሩ ከነብሎኑ ይሄዳል፤ በዚያ ቀዳዳ ሐይቁ ይገባል።

ማታ እናቴን ጠየቅኳት። በርበሬ እየለቀመች ነበር፤ ቀና አላለችም።

«አባትህ ነው የበሳው። አንድ ቀን ሰው ጭኖ ሲመለስ የኋላው እንጨት ሲንጫጫ ሰማ። በማግስቱ ትራፓኖ ተውሶ በሳና አየው። ሊያሠራው ዋጋ ጠየቀ፣ አልቻለም። ሦስት ጊዜ ገዢ መጥቶበታል። ሦስቱንም እጃቸውን ይዞ ወስዶ ቀዳዳዎቹን አሳያቸው። ሦስቱም ትተውት ሄዱ።»

«ለምን አልነገረንም እማ?»

«መቼ ጠየቃችሁት? አንተ ፈረድክበት እንጂ።»

ከዚያ በኋላ ምንም አላልኩም። ተነስቼ ውጭ ወጣሁና ጀልባዋ አጠገብ ተቀመጥኩ።

ወንድሜን ግን ማሳመን ቀላል አልነበረም። እሱም ክፉ ሆኖ አይደለም፤ የእህታችን ነገር አሳስቦት ነው። «ስቱኮ ሞልተን ቀለም እንቀባው። ሰውዬው ትልቅ ሰው ነው፤ ዓይን አለው፣ አይቶ ይግዛ» አለኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አንድ ሌሊት ሙሉ አስቤበታለሁ። የማንን ገንዘብ ቀማን? እሱ ራሱ «ቀለም ቀቡ» አይደል ያለው?

ሁላችንም ከልጅነታችን የምናውቀው የእህል ነጋዴው ታሪክ ትዝ አለኝ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) እጃቸውን ወደ ክምሩ ሲሰዱ ጣታቸው እርጥበት ነካ። ነጋዴው ዝናብ እንዳገኘው ተናገረ። እሳቸውም እርጥቡን ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት። ይህን ታሪክ ስንት ጊዜ ሰምቼ አልፌዋለሁ። አባቴ ግን እርጥቡን ከላይ አድርጎት ነበር፤ አምስት ቀዳዳ በስቶ።

ጠዋት ለገዢው ደውዬ ነገርኩት። ሳቀና «ልጄ፣ ሰው የሚሳፈረው ቀለሙን አይቶ ነው» አለኝ። ያን ጊዜ ዒድ ትዝ አለኝ። በዒድ ቀን ልጆች አዲስ ልብሳቸውን ለብሰው በወላጆቻቸው እጅ ወደ ጀልባ ሲወጡ አየሁ። ከእነሱ ውስጥ ሳንቲም አውጥቶ የሚያንኳኳ ማን አለ? ሰውዬውን «አልሸጥም» አልኩት።

ሥራው ሰባት ወር ፈጀ፤ እሁድ እሁድና ከሥራ መልስ። ከውስጥ በኩል የግድግዳውን ቆዳ በግራይንደር ቀደድኩት። የፋይበር ብናኝ እንደ ሳማ ነው፤ ረጅም እጅጌ፣ መነጽርና ጥሩ የአፍንጫ መሸፈኛ ሳታደርጉ እንዳትሞክሩት። ሰውነት ላይ ከሆነ በቀዝቃዛ ውሃ ነው የሚታጠበው። የበሰበሰውን እንጨት በመሮ እየቆፈርኩ ሦስት ማዳበሪያ ሞላሁ። ወለሉ ሥር ያለው ስፖንጅ መሰል ነገርም ውሃ ጠጥቶ ስለነበር እሱም ወጣ።

ከዚያ በካርቶን ልክ ወሰድኩና ውሃ የሚችል ባለ 18 ሚሊሜትር ኮምፔርሳቶ ሁለት አድርጌ ቆረጥኩ። ለግንባታ የሚሸጠው ላዩ የሚያብረቀርቅ ሽፋን አለው፤ ሽፋኑ ካልተፈገፈገ ሬዚን አይዘውም። ሁለቱን አጣብቄ በሞርሳ አሰርኳቸው። ጠርዛቸውን ሁሉ ሬዚን አጠጣሁት።

በሬዚኑ ጉዳይ አንድ ቀን ራሴን ላቃጥል ነበር። ለ1 ኪሎ ሬዚን የሚበቃው ማድረቂያ ከ10 እስከ 20 ግራም ነው። እኔ በዓይኔ ገምቼ ገለበጥኩት። ጣሳው በእጄ ላይ ጋለ፣ ጨሰ፣ ወርውሬው ሮጥኩ። ጋሼ ሲስቅብኝ ቆየና «ይሄ ወጥ አይደለም በዓይን የሚጨመርበት» አለኝ። ከባዱን ማስጠንቀቂያ ያኔ ነው የነገረኝ፦ ማድረቂያውና ማፍጠኛው ለየብቻ ከተሸጡላችሁ ሁለቱን በቀጥታ እንዳታገናኟቸው፤ ይፈነዳል። መጀመሪያ ማፍጠኛው ከሬዚኑ ጋር በደንብ ይዋሃዳል፣ ማድረቂያው የሚገባው መጨረሻ ላይ ነው። ከዚያ ወዲያ በሚዛን እየለካሁ፣ ፀሐይ ሳይበረታ በማለዳ፣ ፋይበሩን ንብርብር በንብርብር እያለበስኩ አየሩን በሮለር አስወጣሁ።

ቀለም የተቀባው መጨረሻ ላይ ነው፤ እሱ አንድ ቀን ፈጀ።

ብሎኖቹ የሚገቡበትን ቀዳዳ መጀመሪያ ከልኩ አስፍቼ በሳሁት፣ በሬዚን ሞላሁት፣ ሲደርቅ እንደገና በልኩ በሳሁት። እንዲህ ሲሆን ብሎኑ እንጨቱን አይነካም፤ ውሃውም መንገድ አያገኝም። ጀልባዋን የገደላት ይህች ትንሽ ነገር ነበረች።

የአባቴ ባለ 25 ፈረስ ጉልበት ሞተር ዕቃ ቤት ውስጥ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ቆይቷል። ካርቡራተሩን አጠብን፣ ካንዴላ ቀየርን፣ የደረቀውን የውሃ ፓምፕ ጎማ አስለወጥን። ውሃ በሞላ በርሜል ውስጥ አስገብተን አስነሳነው። ከጎኑ ቀጭን ውሃ ፊጭ ብሎ ሲወጣ ወንድሜ «አላሁ አክበር!» ብሎ ጮኸ። ያ ውሃ ካልወጣ ሞተሩ አይቀዘቅዝም፣ ይቃጠላል። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል 1,700 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል ሞተሩ ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚኖረው ጉልበት ስድስተኛ ያህሉን እዚህ ያጣል። ለእኛ ይበቃናል፤ የምንቸኩልበት ቦታ የለም።

ሰው ከመጫናችን በፊት 21 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ሞልተን ጫንን፤ 420 ኪሎ ነው። እኔና ወንድሜ ዋና የምንችል ነን፣ የሕይወት ጃኬት ለብሰን ወጣን። ዳርቻውን ይዘን ሁለት ሰዓት ነዳን። ተመልሰን ግድግዳውን በሳንቲም አንኳኳሁት። «ቃ፣ ቃ» አለ።

አሁን ጎኗ ላይ «6 ሰው» ተብሎ ተጽፏል። ለእንደዚህ ዓይነት ትናንሽ ጀልባዎች የታወቀ ስሌት አለ፤ ርዝመቷን በወርዷ በጫማ አባዝቶ ለ15 ማካፈል። 16 በ6 ሲባዛ 96፣ ለ15 ሲካፈል 6 ተኩል አይሞላም። ባለፈው ዒድ አንድ ወጣት ከነጓደኞቹ ስምንት ሆኖ መጥቶ «ሌሎቹ አሥር ይጭናሉ፣ አንተ ምን ሆነሃል?» ብሎ ተቆጣኝ። ሁለት ጊዜ ላመላልሳችሁ አልኩት፤ ትቶኝ ሄደ። ገቢው ተጎድቷል። እህቴን ያስተማርነው በጀልባዋ ሳይሆን ወንድሜ ማታ ማታ ጨምሮ በሠራው ባጃጅና እኔ በጠገንኩት ስልክ ነው። ጀልባዋ ያወጣንባትን ገንዘብ እስካሁን አልመለሰችም።

ወዳጆቼ፣ ብዙዎቻችን ወላጆቻችንን «ምንም አላደረጉልንም» እያልን እንወቅሳለን። ምናልባት እውነት ይሆናል። ምናልባት ደግሞ ያላደረጉት ነገር ውስጥ እኛ ያላየነው ምክንያት አለ። በሕይወት ካሉላችሁ ዛሬ ማታ ጠይቋቸው። ጥያቄው ከባድ አይደለም፦ «አባ፣ ያን ጊዜ ለምን ተውከው?» እኔ ይህን ሳልጠይቅ ቀርቼ መልሱን ከእንጨት ውስጥ ነው ያገኘሁት።

አምስቱን ሹሎች አልጣልኳቸውም። ከጀልባዋ ቁልፍ ጋር በአንድ ገመድ ታስረዋል። ሐይቅ ላይ ሆኜ ኪሴ ውስጥ ሲንኳኩ እሰማቸዋለሁ፤ ያኔ ለአባቴ ዱዓ አደርጋለሁ። እናንተም አግዙኝ።